«ዶክተር ሲስተር»፦ ነርስነት፣ ርቀትና ማዕረግ

«ነርስነት ደግሞ በኦንላይን ይማሩታል እንዴ?»

የእናቴ ታናሽ እህት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ናት። አሁን ከሥራዋ ሳትወጣ በኦንላይን የዶክትሬት ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ይህን ተክለ ሃይማኖት ሰፈራችን ውስጥ ለማንም ብናገር የሚመጣልኝ ምላሽ ይኸው ጥያቄ ነው። ከኋላው ደግሞ ሌላ ይከተላል፦ «እሺ፣ ስትጨርስ ዶክተር ልትባል ነው ወይስ ሲስተር?»

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አልለቀቁኝም። የመጀመሪያው ስለ ርቀት ነው፦ እጅ የሚሠራውን ሥራ በሽቦ መላክ ይቻላል ወይ? ሁለተኛው ስለ ማዕረግ ነው፦ ነርስ በሙያዋ እስከ የት ድረስ ከፍ ማለት ትችላለች? ታሪኩን ስከታተል ያገኘሁት ነገር ሁለቱም ጥያቄዎች ከኢንተርኔት በፊት የነበሩ መሆናቸውን ነው። እኛ አገር ደግሞ ለሁለቱም ከምናስበው ቀድመን መልስ መስጠት ጀምረን ነበር።

ሰፈሩም ለዚህ ወሬ ይመቻል። ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተነስታችሁ በእግር ጥቁር አንበሳ ትደርሳላችሁ። ወደ ልደታ ከወረዳችሁ ደግሞ ሶቪየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከፈቱት፣ ዛሬ በደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ስም የሚጠራው ሆስፒታል አለ። ታክሲ ይዛችሁ ወደ ጦር ኃይሎች ብትሄዱ ታሪካችን የሚጀምርበትን ሆስፒታል ታገኛላችሁ። ጠዋት ጠዋት ዳርማር ባቡር ጣቢያ ላይ ነጭ ጋዋን በፌስታል ይዘው ወደ ሥራ የሚሮጡ ሴቶች አይጠፉም። አብዛኞቹን «ሲስተር» ብላችሁ ብትጠሯቸው ዞር ይላሉ።

ድሬሰሩና ልዕልቷ

ከነርስ በፊት ድሬሰር ነበር። አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ያውቁታል፦ ቁስል የሚያጥበው፣ ፋሻ የሚያስረው፣ መርፌ የሚወጋው፣ በብዙ የገጠር ከተሞች «ሐኪሙ» ተብሎ የሚጠራው እሱ ነበር። ዘመናዊ ሆስፒታል የሚባለው ነገር ከአድዋ ጦርነት ጋር ነው የመጣልን። እ.ኤ.አ. በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም መጣ፤ ከዚያ በኋላም በዋና ከተማው የሕክምና ሥራ ተተከለ። ሐኪሞቹ ከውጭ ሲመጡ አጠገባቸው የቆመው አገሬ ሰው ሥራውን በማየት ተማረ። ድሬሰር ማለት ያ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ዋርዱ ነበር፤ አስተማሪውም በሽተኛው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ የተለየ መንገድ ሄደች። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ቤተሰቡ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። እሷም ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደ ማንኛዋም ተማሪ አልጋ እያነጠፈች፣ ማታ ተረኛ እያደረች ነርስነት ተማረች። በ1939 ተመዝጋቢ ነርስ ሆነች፤ ከዚያም ጋይስ ሆስፒታል ትምህርቷን ቀጠለች። አገሩ ነፃ ሲወጣ በ1941 ተመለሰችና ደሴ ሆስፒታል ሠራች። በ1942 አግብታ ወደ ነቀምት ሄደች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች።

እስቲ አስቡት። በአገሩ በሙያው ከሰለጠኑት ጥቂት ሴቶች አንዷ፣ ያውም የንጉሥ ልጅ፣ የሞተችው ሠልጣኝ አዋላጅና የተደራጀ ሆስፒታል ያዳናቸው ብዙ ሴቶች በነበሩበት ምክንያት ነው። አንድ ሰው ለንደን ልኮ ማስተማር አንድ ነርስ ይሰጥሃል። ያቺ ነርስ ራሷ ስትታመም ግን የሚያስታምማት ሌላ ነርስ ያስፈልጋል። ችግሩ የአንድ ሰው ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱ በአገሩ ውስጥ የሚባዛበት መንገድ አለመኖሩ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው በ1949 ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ማለትም በዛሬው የካቲት 12፣ ሥራ ጀመረ። በ1951 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለዓመታት ገንዘብ ስታሰባስብለት የቆየችው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ፤ እዚያም ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው እሱን ነው።

«ሲስተር» የሚለው መጠሪያም ከዚያ ዘመን ጋር የገባ ነው። ሥሩ ከአውሮፓ ነው፤ ድሮ በሽተኛ የሚያስታምሙት መነኮሳት ነበሩ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቃሉ ቀርቶ የሥራ ደረጃ ሆነ፦ «ሲስተር» የምትባለው አንድን ዋርድ የምትመራ ነርስ ናት። ወደዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ማዕረጉ በምረቃ ቀን ይሰጥና እስከ ጡረታ ይቀጥላል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅም ሲስተር ናት፤ ሠላሳ ዓመት የሠራችውም ሲስተር ናት። አክብሮት አለበት፤ ግን አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል ነው።

ጎንደር ኮሎራዶን የቀደመችበት

አሁን አሜሪካ ውስጥ «የላቀ የነርስ ሙያ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከ1965 ነው። በዚያ ዓመት ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሐኪም በሌለበት ቦታ በደንብ የሠለጠነች ነርስ መርምራ፣ አውቃ፣ ማከም ትችላለች። ያኔ ብዙ ጭቅጭቅ አስነሳ።

ግን ከዚያ 11 ዓመት በፊት፣ በ1954፣ ጎንደር ውስጥ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የረዱት ይህ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ያወጣ ነበር፦ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን። ጤና መኮንኑ ሐኪም አይደለም፤ ግን ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ጤና ጣቢያ ይመራል። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠሩ ነበር። ትምህርቱ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ርቆ ሠልጣኙ ወደፊት የሚሠራበት ዓይነት ቦታ ላይ ይጨረስ ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ እንዳይጠፋን፦ ጤና መኮንን ነርስ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ሐኪም በሌለበት ማን ይወስን? ኮሎራዶ «ነርሷን ከፍ እናድርጋት» አለች። ጎንደር «አዲስ ሙያ እንፍጠር» አለች። የእኛ አገር ነርስ ዕጣ የተወሰነው እዚህ ምርጫ ላይ ይመስለኛል። የመወሰን ሥልጣኑ ለአዲሱ ሙያ ሲሰጥ እሷ ባለችበት ቀረች።

ይህ ምርጫ በኋላም ተደግሟል። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከ30,000 በላይ ሴቶች በአንድ ዓመት ሥልጠና ወደየቀበሌው ተላኩ። በ2009 ደግሞ መቀሌ፣ ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች በገጠር ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት በኦፕሬሽን ያዋልዳሉ። እንግዲህ «ኢትዮጵያ ከሐኪም ሌላ ማንንም አታምንም» የሚል ሰው ተሳስቷል። ችግር ሲመጣ ቢላዋውን ሳይቀር ሰጥተናል። ሥራውን እንሰጣለን፤ ስሙንና መሰላሉን ነው የምናዘገየው።

በፈረስ የተጀመረ ኦንላይን

የአሜሪካው ዶክትሬት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ፒኤችዲ ነው፤ ተመራማሪ ያወጣል። ሁለተኛው «ዶክተር ኦፍ ነርሲንግ ፕራክቲስ» የሚባለው፣ በአጭሩ ዲኤንፒ፣ ሥራው ላይ ለሚቆዩ ሰዎች የታሰበ ነው። የመጀመሪያው በዚህ ስም የተሰጠ ፕሮግራም በ2001 ኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ2004 የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር የላቀ ነርስነት መግቢያው ይህ ዲግሪ እንዲሆን፣ ያውም እስከ 2015 ድረስ፣ የሚል አቋም ያዘ። ቀኑ ደረሰ፣ አለፈ፤ ሕግ ግን አልሆነም። ዛሬም በማስተርስ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ይቻላል። ፕሮግራሞቹ ግን በዙ፤ ብዙዎቹም ኦንላይን ሆኑ።

ኦንላይን መሆኑን ሰው እንደ አዲስ ማጭበርበር ያየዋል። ኬንተኪ ውስጥ ያለውን የፍሮንቲየር ታሪክ ስታውቁ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሜሪ ብሬክንሪጅ የተባለች ነርስ በ1925 በተራራማው የኬንተኪ ምሥራቅ አንድ የነርሶች አገልግሎት አቋቋመች። መንገድ ስላልነበረ ነርሶቿ በፈረስ እየሄዱ ያዋልዱ ነበር። አገልግሎቱ በኋላ ትምህርት ቤት ወለደ። በ1989 ይህ ትምህርት ቤት የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቱን ተማሪዎች ከሚኖሩበት አካባቢ ሳይወጡ እንዲከታተሉት አደረገ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዶክትሬትም ይሰጣል። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ከገጠር የመጣች ነርስን ወደ ከተማ ጠርተህ ካስተማርካት አትመለስም። ትምህርቱን ወደ እሷ ከላክህ ትቀራለች። ፈረሱ ቀርቶ ሰርቨር ተተካ እንጂ አመክንዮው ያው ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። አዲስ አበባ በዲፕሎማ ተመርቃ ነው የሄደችው። አሜሪካ እንደ ገባች መጀመሪያ አረጋውያን ቤት ረዳት ሆና ሠራች፤ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ተመዝጋቢ ነርስ፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ ማስተርስ። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ ያለ አበሻ ሁሉ ይህን መንገድ በቃሉ ያውቀዋል። እያንዳንዱን ደረጃ የወጣችው ናይት ሠርታ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ነው። ኦንላይን ባይሆን ኖሮ የትኛውን ሰዓት ክፍል ትቀመጥ ነበር?

ታዲያ የሚማሩት ምንድን ነው? መርፌ አወጋግ አይደለም፤ እሱን ድሮ ታውቃለች። ቪዲዮው፣ ንባቡ፣ ሳምንታዊ ውይይቱ፣ በካሜራ ቁጥጥር የሚሰጠው ፈተና በኢንተርኔት ነው። ከዚያ ውጭ ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በድምሩ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በአካል የሚሠራ ልምምድ ግዴታ ነው። ይህ በምትኖርበት ከተማ፣ በእውነተኛ ክሊኒክ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር የሚጠናቀቅ ነው። ስክሪኑ የተካው የክፍሉን ወንበር ነው፤ አልጋውን አልተካም።

የመመረቂያ ሥራዋም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ምርምር አይደለም። የምትሠራበት ክሊኒክ የደም ግፊት ታካሚዎች ለክትትል የማይመለሱት ለምንድን ነው የሚል ነው፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። ስም የሌለበት የቁጥር ሰንጠረዥ በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ እኔ ግራፉን እሠራለሁ። «ልጄ፣ ይቺ መስመር ለምን እዚህ ወረደች?» ትለኛለች። አብረን ስናየው ማስታወሻው በእንግሊዝኛ የሚላክ፣ ስልኩም የሚደወለው ሰዎቹ መኪና ሲነዱ ወይም ናይት ሠርተው ሲተኙ እንደሆነ ይወጣል። በእኔ ሙያ ይህ ዲባግ ማድረግ ይባላል፦ ሰውየውን ከመውቀስህ በፊት ሂደቱ የት እንደሚሰበር ፈልግ። ለሃያ ዓመት አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው የት እንደሚሰበር ያውቃል። ዶክትሬቱ የጨመረላት ይህን ዕውቀት የምትለካበትና ኃላፊዎቿ እንዲሰሟት የሚያደርግ ቋንቋ ነው።

ከአቃቂ እስከ ሃይደራባድ

«ያ አሜሪካ ነው» እንዳትሉ። የርቀት ዶክትሬት አዲስ አበባም አለ።

የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ከ1946 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በርቀት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ነው። ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ሆኖ ከተማረባቸው አንዱ እሱ ነው። በ2007 አቃቂ ውስጥ ማዕከል ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በጤና ጥናት ዶክትሬታቸውን በዚህ መንገድ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለ አገራችን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የጻፏቸው ጥናቶች ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ላይብረሪ ይነበባሉ። አማካሪው ፕሪቶሪያ፣ ተማሪው አዲስ አበባ፣ ታካሚው ጅማ ወይም ባሕር ዳር።

በዚያው በ2007 ሕንድ ለአፍሪካ የዘረጋችው የኤሌክትሮኒክ ኔትወርክ ሙከራው የተጀመረው እኛ ጋ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በሳተላይት ተገናኘ። ከተክለ ሃይማኖት በእግር ከምትደርሱበት ግቢ ሆኖ ሕንድ ያለ ስፔሻሊስትን ማማከር የተጀመረው አብዛኞቻችን ፌስቡክ ሳንከፍት ነው።

ግን መስመሩ የሚያልፍበት መሬት የእኛ ነው። በ2010 መንግሥት የግል ተቋማት የርቀት ትምህርት እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ምክንያት ያደረገው ጥራትን ነው። ትእዛዙ በኋላ ላላ፤ «የርቀት ዲግሪ» የሚለው ቃል ላይ የተለጠፈው ጥርጣሬ ግን አልተላቀቀም። ከዚያ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ አለ። በ2017 ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ተዘጋ። በ2020 ሰኔ መጨረሻ ላይ በመላው አገር ለሳምንታት ጠፋ። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ፣ የአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቆርጠው ከርመዋል። ለእኔ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደንበኛ አጣለሁ። በኦንላይን ዶክትሬት የምትማር የጎንደር ነርስ ግን ሴሚስተር ነው የምታጣው፤ ፕሮፌሰሯም የሚያየው «ሥራ አላስገባችም» የሚል መስመር ብቻ ነው። 1954 ላይ ትምህርቱን ወደ ቆላ ድባ የወሰደች ከተማ ናት እኮ ጎንደር።

ኔትወርክ የማይሸከመው

በእኛ ሥራ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ መረጃ ሲሄድ በትናንሽ እሽግ ተቆርጦ ነው፤ አንዱ እሽግ ቢጠፋ እንደገና ይላካል። ለዚህ ነው ቪዲዮ በመጥፎ ኔትወርክም ውሎ አድሮ የሚከፈተው። ንባብ፣ ሌክቸር፣ ስታቲስቲክስ፣ ሁሉም ቢጠፋ የሚደገም ነገር ነው። ስለዚህ በኦንላይን ይሄዳል። የምትደማ እናት ማህፀን ላይ የተጫነ እጅ ግን «እንደገና ላክ» አይባልም። እሱን ለመማር አጠገብህ የሚያውቅ ሰው መቆም አለበት።

ስለዚህ የሰፈሬ ሰዎች ጥያቄ ትክክል ነው፤ የሚያነጣጥረው ግን ከዋናው ቦታ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው። የኦንላይን ዶክትሬት ጥራት የሚለካው በድረ ገጹ አይደለም፤ ተማሪዋ በምትኖርበት ከተማ አጠገቧ ማን እንደሚቆም በማየት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያ ሰው አለ፤ ፈቃድና ጊዜ አለው። ሜሪላንድ ከ2015 ጀምሮ ነርስ ፕራክቲሽነር ያለ ሐኪም ፊርማ እንድትሠራ ፈቅዳለች፤ ዛሬ ከአሜሪካ ግዛቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲሁ አድርገዋል። እኛ ጋ ልምድ ያላት ነርስ አንድ ዋርድ ሙሉ ታካሚ ይዛ ከኋላዋ ተማሪ ሰልፍ ይዞ ይከተላታል። ለማስተማሯ የተለየ ሰዓትም ክፍያም የላትም። ሶፍትዌር ብትጨምርላት ይህን አይፈታም።

ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ሌላ መተግበሪያ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ነው እንጀራዬን የምበላው። ግን ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። ልዕልት ፀሐይ ዕውቀት አላነሳትም፤ የሚያባዛው መንገድ ነው ያነሳት። ጎንደር ኢንተርኔት አልነበራትም፤ ግን ተማሪዎቿን ከሚሠሩበት ቦታ ጋር አገናኝታለች። ፍሮንቲየር በፈረስ ጀመረ። ሁሉም ቦታ የሠራው ያው ነገር ነው፦ ዕውቀቱ ወደ ሰውየዋ ይሂድ፣ አጠገቧ የሚያውቅ ሰው ይቁም፣ ስትጨርስም የምትወጣበት እርከን ይኑር።

ሦስተኛው ነው የጎደለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በነርሲንግ ፒኤችዲ ያስተምራል፤ ዩኒሳ አለ፤ አሜሪካ ያሉት በየዓመቱ ይመረቃሉ። ከነዚህ አንዷ ነገ ዶክትሬቷን ይዛ ጥቁር አንበሳ ዋርድ ብትገባ ምን ትሠራለች? ልታስተምር ትችላለች፣ ቢሮ ልትመራ ትችላለች። አልጋ አጠገብ ግን ዶክትሬቱ የሚጨምርላት ሥልጣን የለም። ስለዚህ ወይ ከበሽተኛው ትርቃለች ወይ ከአገሩ። ሁለቱም መራቅ ነው፤ ከኦንላይኑ ርቀት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ርቀት ነው።

«ዶክተር ልትባል ነው ወይስ ሲስተር?» ለሚለው የአክስቴ መልስ አጭር ነው፦ «ሲስተር በሉኝ፤ መድኃኒቱን ግን እኔ ልዘዝ።»